ጥገና የሚፈልግ የድሮ አሜሪካዊ ተከፋች መኪና ከጅማ ሆኖ መሸጥ፦ ከሊብሬው እስከ ጭነቱ

ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ የቆመ ተከፋች (ጣሪያው ታጥፎ የሚከፈት) ካዲላክ ወይም ሊንከን ያለው ሰው ሽያጩ የሚበላሽበት ሁሌ በሁለት ዓይነት መንገድ ነው። መጀመሪያ ላሜራ ቤት ይወስደዋል፤ ዝገቱ በስቱኮ ይደፈናል፣ ላዩ ላይ ቀለም ይነፋል። ገዢ ከአዲስ አበባ ድረስ ይመጣል፣ ከኪሱ ትንሽ ማግኔት አውጥቶ ፓራፋንጎው (ጎማውን የሚሸፍነው ላሜራ) ላይ ያስጠጋል፣ ማግኔቱ አልይዝ ብሎ መሬት ይወድቃል። እንግዳው የቀረበለትን ቡና ጠጥቶ፣ አመስግኖ ይመለሳል። ሁለተኛው ብልሽት የወረቀት ነው፦ ዋጋ ተቆርጦ ቀብድ ከተያዘ በኋላ ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር ሞተሩ ላይ ሳይገኝ ይቀራል።

ስለዚህ እዚህ ያለው ቅደም ተከተል ብዙ ሰው ከሚያደርገው የተገለበጠ ነው። ወረቀት ይቀድማል፣ ምርመራ ይከተላል፣ ገንዘብ ማውጣት ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀለም ጭራሽ የለበትም። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የ1960ዎቹ ካዲላክ ዴቪል ናቸው፤ ሊንከን የሚለይበት ቦታ ተጠቅሷል። የሞዴል ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አስቀድማችሁ ያዙ፦ ክሪክ፣ ሁለት ካቫሌቶ (የተነሳ መኪና መደገፊያ) ወይም ወፍራም የግንድ ቁራጭ፣ ካቻቢቴ፣ ማስመሪያ፣ ቀጭን ማግኔት በጨርቅ የተጠቀለለ፣ የእጅ ባትሪ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ደብተር።

ደረጃ 1፦ ወረቀቱን ጨርሱ

1. ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ እዩ። በአባት ወይም በአያት ስም ከሆነና ባለቤቱ ካረፉ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ወራሾቹ በሙሉ ወይ ራሳቸው ይፈርማሉ ወይ ውክልና ይሰጣሉ። «ወንድሜ ውጭ ነው፣ ግድ የለውም» አይሠራም። ውጭ ያለው ውክልናውን በኤምባሲ በኩል ይላክ፣ ውክልናው ውስጥም «ለመሸጥ፣ ስም ለማዛወር፣ ገንዘብ ለመቀበል» የሚሉት ቃላት አንድ በአንድ ይጻፉ። «ንብረቴን እንዲያስተዳድር» የሚል ጠቅላላ ውክልና ለሽያጭ አይበቃም።

2. ባለትዳር ከሆናችሁ የባል ወይም የሚስት ስምምነት ከመጀመሪያው ይኑር። ያላገባ ሰው የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ይዞ ይቅረብ። ይህን ለፊርማው ቀን ያቆየ ሰው ገዢውን ሆቴል አስቀምጦ ቀበሌ ለቀበሌ ይሮጣል።

3. ፋይሉ የት እንዳለ አጣሩ። መኪናው ጅማ ቢቆምም ታርጋው የአዲስ አበባ ከሆነ ፋይሉ እዚያ ነው። ዕዳ፣ እግድ ወይም ያልተከፈለ ዓመታዊ ክፍያ ካለ የሚታወቀው ከፋይሉ ነው። ለረጅም ዓመት የቆመ መኪና ቦሎ ያልታደሰበት ዓመት ሁሉ ይቆጠርበት ይሆናል፤ ሂሳቡን ከመደራደራችሁ በፊት እወቁት።

4. መኪናው በድርጅት፣ በኤምባሲ ወይም በሌላ መብት ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ሰነድ ፈልጉ። ሰነዱ ከሌለ ስም አይዞርም።

5. ሊብሬው ላይ ያለውን የምርት ዓመት ሁለት ጊዜ እዩ። የድሮ ፋይሎች ላይ አንዳንዱ ጸሐፊ ዓመቱን ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይሮ ጽፎታል። «1958» የሚል ሊብሬ የ1958 ካዲላክ ሊሆን ይችላል፤ የ1965 ወይም የ1966 መኪናም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በመልክም በዋጋም አይገናኙም። ዳያስፖራ ገዢ በስልክ «1958» ሲሰማ ባለ ትልቅ ክንፉን መኪና ነው የሚያስበው፤ መጥቶ ሌላ ሲያይ ያታለላችሁት ይመስለዋል።

*ቁጥሩ ካልገጠመ፦* የሞተር ቁጥር ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሞተር ስለተቀየረ ነው። አንዳንዴ ግን መዝጋቢው የብረቱን የፋብሪካ ቅርጽ ቁጥር (ከብሎኩ ጋር አብሮ የቀለጠውን፣ ፊደሉ ወደ ውጭ ያበጠውን) እንደ ሞተር ቁጥር ወስዶት ነው። ትክክለኛው ቁጥር በመዶሻ የተመታ፣ ወደ ውስጥ የገባ ነው። በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ ፎቶ አንሱ፣ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ባለሙያ መጥቶ እንዲያይ አመልክቱ። በፍጹም ቁጥር አትምቱ፣ አታስመቱ፣ አትሞርዱ። ያ ከጉድለት ወደ ወንጀል መሻገር ነው።

ደረጃ 2፦ መኪናው በእርግጥ ተከፋች ሆኖ የተሠራ ነው?

ለሠርግ ተብሎ ጣሪያው በመጋዝ የተቆረጠ ኩፔ (ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያው የማይከፈት መኪና) ይገኛል፤ ባለቤቱ ራሱ ሳያውቅ «ተከፋች» ብሎ ይሸጣል። ዋጋው ግን ሌላ ነው፣ ለሚጓዝበትም ሰው አደገኛ ነው፤ ፋብሪካው ለተከፋቹ የሚያስገባው የፍሬም ማጠናከሪያ የለውም።

1. ኮፋኖውን ክፈቱ። ከሞተሩ ኋላ ያለው ግድግዳ ላይ ትንሽ የአካል መለያ ሳህን አለች። በጨርቅና በትንሽ ናፍታ አጽዷት፤ በሽቦ ብሩሽ አትንኳት፣ ፊደሉ ይጠፋል።

2. በካዲላክ ሳህን ላይ የስታይል (የአካል ዓይነት) ቁጥሩ መጨረሻ 67 ከሆነ ተከፋች ነው። የ1965 ዴቪል ተከፋች 68367 ነው፤ 68357 ካለ ኩፔ ነበር ማለት ነው።

3. ከ1965 እስከ 1967 ያለ ካዲላክ የሻንሲ ቁጥሩ በአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ይጀምራል፣ ቀጥሎ ያለው አንድ አኃዝ የዓመቱ የመጨረሻ ቁጥር ነው፤ 5 ካለ 1965።

4. ሊንከን ኮንቲኔንታል ባለ አራት በር ተከፋች የተሠራው ከ1961 እስከ 1967 ብቻ ነው። በሻንሲ ቁጥሩ ሦስተኛና አራተኛ ቦታ 86 ካለ ተከፋች፣ 82 ካለ ሴዳን።

5. የሳህኗን የቀለምና የወንበር ኮድ ደብተር ላይ ገልብጡ። ከባድ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። ሳህኗ ላይ ያለው ኮድና አሁን ያለው ቀለም ካልተመሳሰለ አትሸማቀቁ፤ «አንድ ጊዜ ተቀይሯል» ብላችሁ ጻፉ።

ደረጃ 3፦ ዝገቱን ከገዢው ቀድማችሁ አግኙ

ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው። በሸራ የተሸፈነ መኪና ከሜዳ ላይ ካለው ያነሰ ይዝጋል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው፤ መሬቱን የነካ የፕላስቲክ ሸራ ከስር የሚወጣውን እርጥበት አፍኖ ይይዘዋል። ከምርመራው 3 ቀን በፊት ሸራውን አንሱ፣ በሮቹን ክፈቱ፣ ይናፈስ።

1. የወለል ምንጣፉን ከፍ አድርጉ። በካቻቢቴ ጀርባ ወለሉን በየስንዝሩ ምቱ። ደህና ላሜራ «ቅል» ይላል፣ የበሰበሰው «ድፍ» ይላል። ድፍ ያለው ላይ በጫፉ ጫን በሉ፤ ካቻቢቴው ከገባ ቀዳዳ ነው፣ ከዚህ በላይ አትጎርጉሩ። ቦታውን በጠመኔ ክበቡት።

2. ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ ጣሪያው ታጥፎ የሚገባበትን ጉድጓድ እዩ። እዚያ የሚገባ ውኃ በቱቦ ወደ ኋላ ጎማዎቹ አካባቢ መውጣት አለበት። ግማሽ ሊትር ውኃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ከታች ካልወጣ ቱቦው በቅጠልና በአይጥ ጎጆ ተደፍኗል፣ የጉድጓዱ ጥግም በስብሶ ይሆናል። ተከፋች መኪና ላይ ዝገት ከዚህ ይጀምራል፤ ሰው ግን ሁልጊዜ የሚያየው በሩን ነው።

3. ማግኔቱን ከፓራፋንጎው ታች፣ ከጎማ ዙሪያና ከበሮቹ ታች አስኪዱ። የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። እሱንም በጠመኔ ምልክት አድርጉ።

4. የፍሬም ፈተና። በሩን ዝጉ፣ በበሩ የኋላ ጠርዝና በአካሉ መካከል ያለውን ክፍተት ከላይም ከታችም በማስመሪያ ለኩ። ክሪኩን ከኋላ ጎማ ቀደም ብሎ ካለው ፍሬም ስር (ከወለሉ ላሜራ ስር ሳይሆን) አስገብታችሁ ጎማው መሬት እስኪለቅ አንሱ፣ ካቫሌቶ አስገቡ፣ እንደገና ለኩ። ጣሪያ የሌለው መኪና ትንሽ መተጣጠፉ አይቀርም፤ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር አያስፈራም። በሩ ከነከሰ ወይም አልከፈት ካለ ግን ፍሬሙ ወይም አካሉ ከፍሬሙ ጋር የሚያያዝበት ቦታ ተበልቷል። ሊንከኑ የተለየ ፍሬም የለውም፣ አካሉ ራሱ ተሸካሚ ነው፤ ስለዚህ የወለሉና የበር ስሩ ዝገት እሱ ላይ የከፋ ነው።

*ማስጠንቀቂያ፦* በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ስር እጅም እግርም አታስገቡ። መኪናው ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል፣ የጅማ ቀይ አፈር ደግሞ ከዝናብ በኋላ ክሪክ ይውጣል። ከስር ሰፊ ጣውላ አድርጉ።

ደረጃ 4፦ የቆመውን ሞተር ማስነሳት

ብዙ ሞተር የሚሞተው ቆሞ ሳይሆን በሚነሳበት ቀን ነው። ባትሪ አስገብቶ ቁልፍ ማዞር ክልክል ነው። ቀለበቱ በዝገት የተያዘ ፒስቶን በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ጉልበት ሲጎተት ቀለበቱ ይሰበራል፣ ሲሊንደሩን ይቧጭረዋል፤ «አይነሳም» የነበረው መኪና «ሞተሩ ይወርዳል» ይሆናል።

1. 8ቱንም ካንዴላዎች አውጡ፣ የትኛው ከየት እንደወጣ እየጻፋችሁ በተርታ አስቀምጡ። በየቀዳዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት አፍስሱ። ለ24 ሰዓት ተዉት።

2. በማግስቱ የፊተኛውን ፑሌጃ (ቺንጊያ የሚዞርበትን መዘውር) ብሎን በረጅም ቁልፍ በእጅ አዙሩ። ሁለት ሙሉ ዙር ሳይቸገር ከዞረ ጥሩ። ካልዞረ አታስገድዱ፤ ዘይት ጨምራችሁ ሌላ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቁ። ከሳምንት በኋላም እምቢ ካለ እዚህ አቁሙ፤ «ሞተሩ ተይዟል» ብሎ መሸጥ ከሰበሩት ሞተር ይሻላል።

3. የቆየውን ቤንዚን ከሰርባትዮው (ከነዳጅ ታንኩ) አውርዱ። ሽታው እንደ ቫርኒሽ ከሆነ ሰርባትዮውን አትጠቀሙበት፤ መስመሩን ከቤንዚን ፖምፓው በፊት ለዩና ከንጹሕ ጀሪካን አምጡ፣ 5 ሊትር ይበቃል። የደረቀ የጎማ ቱቦ በሙሉ ይቀየር። የእሳት ማጥፊያ ይኑር፤ ከሌለ ሁለት ባልዲ ደረቅ አሸዋ። ለቤንዚን እሳት ውኃ አይሆንም።

4. ዘይቱን ቀይሩ። የወጣው ዘይት ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል፤ ምክንያቱ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ክፍሎች መሃል ያለው ማሸጊያ) ሊሆን ይችላል፣ አታስነሱ።

5. ቮልቱን አረጋግጡ። ካዲላክ ከ1953 ጀምሮ 12 ቮልት ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው 6 ቮልት ነው፣ የዛሬ ባትሪ ያቃጥለዋል።

6. ካንዴላው ሳይገባ፣ የኮይሉ ሽቦ ተነቅሎ፣ ሞተሪኖውን ለ10 ሰከንድ አዙሩ፣ 1 ደቂቃ አሳርፉ፣ የዘይት ግፊት እስኪታይ ድገሙ። ቀዳዳው ላይ አትደገፉ፤ ያፈሰሳችሁት ዘይት ይተፋል።

7. አሁን ኮምፕሬሽን (የየሲሊንደሩን የእመቃ ግፊት) በጌጅ ለኩ፣ 8ቱንም ጻፉ። ዝቅተኛው ከከፍተኛው ቢያንስ 75 በመቶ መሆን አለበት። እዚህ ላይ አንድ የጅማ ጉዳይ አለ፦ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ጌጁ በጥገና መጽሐፉ ላይ ካለው ከ15 እስከ 20 በመቶ ዝቅ ብሎ ያነባል። መጽሐፍ ይዞ የመጣ ገዢ «ሞተሩ ደክሟል» ብሎ ዋጋ ሊቆርጥ ሲል ይህን አስረዱት። ሚዛኑ የ8ቱ መቀራረብ ነው።

8. ካንዴላውን አስገቡ፣ አስነሱ። የዘይት ግፊት በ5 ሰከንድ ውስጥ ካልመጣ አጥፉ። መጀመሪያ የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ ያፈሰሳችሁት ዘይት ነው፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠራል። ነጭ ሆኖ ከቀጠለና የራዲያተሩ ውኃ ከቀነሰ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ራስ) አካባቢ ችግር አለ።

ሞተሩ ስለተነሳ መኪናው ይነዳ ማለት አይደለም። በቆመ መኪና ፍሬን ውስጥ ያለው የጎማ መዝጊያ ደርቋል፤ ፔዳሉ አንዴ ይይዝና ሁለተኛው ላይ ወለል ይነካል።

ደረጃ 5፦ ጣሪያው

የጣሪያው መሥራት ዋጋውን ከሞተሩ እኩል ይወስናል። አይሠራም የሚባል ጣሪያ ብዙ ጊዜ ችግሩ የዘይት እጥረት ነው።

1. ፖምፓው ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ነው። ወንበሩን አንሱ፣ የዘይት መክፈቻውን ፈልጉ። ውስጥ ያለውን በነጭ ጨርቅ ንኩ፦ ቀይ ከሆነ የካምቢዮ ዘይት ነው፤ ቢጫማ ወይም የጠቆረና ቀለም የሚያነሳ ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው፣ የቆዩት ሞዴሎች እሱን ይጠቀሙ ነበር። ሁለቱን አትቀላቅሉ፤ የጎማ መዝጊያዎቹ አብጠው ይበላሻሉ። ያገኛችሁትን ዓይነት ጨምሩ።

2. የጣሪያው ሸራ እርጥብ ከሆነ ወይም በጠዋት ብርድ ከሆነ አትክፈቱ። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሲያሞቀው ይለሰልሳል። የደረቀ ሸራ በእጥፋቱ ይቀደዳል።

3. የኋላ መስኮቱ ዚፕ ካለው መጀመሪያ ዚፑን ፍቱ።

4. የፊት መስታወቱ ጫፍ ላይ ያሉትን ሁለት መያዣዎች ልቀቁ። ሳይለቁ መጫን ብረቱን ያጣምማል፤ ይህ ስህተት ከሌላው ሁሉ ይበዛል።

5. አንድ ሰው ማብሪያውን ይጫን፣ ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ይቁሙ፣ እጃቸውን መገጣጠሚያው ውስጥ ሳያስገቡ።

*ካልሠራ፦* ፖምፓው እያጉረመረመ ጣሪያው ካልተነሳ ዘይት አንሷል ወይም አየር ገብቷል፤ ጨምራችሁ ከ4 እስከ 6 ጊዜ በእጅ እያገዛችሁ አመላልሱት። አንዱ ጎን ከቀደመ ወዲያው አቁሙ፤ የቀረው ሲሊንደር ደክሟል ወይም መገጣጠሚያው ዝጓል፣ ከቀጠላችሁ ክፈፉ ይጠመዘዛል። ድምፅ ከሌለ ፊውዝ፣ የማብሪያ ሽቦ፣ የፖምፓው የመሬት ሽቦ፤ በዚህ ተራ። ወለሉ ላይ ዘይት ከታየ የሲሊንደሩ ጫፍ ይፈሳል።

ሊንከኑ ላይ ይህን ሁሉ አትሞክሩ። የእሱ ጣሪያ ሙሉ በሙሉ ከኋላው ሳጥን ክዳን ስር የሚገባ ሆኖ በብዙ ሪሌና ገደብ ጠባቂ ስዊቾች ተራ በተራ የሚሠራ ነው፤ አንዱ ካልተነካ ሌላው አይንቀሳቀስም። ሥዕላዊ የሽቦ መርሐ ግብሩን የማያውቅ ኤሌክትሪሺያን በቀጥታ ሽቦ ሲያስነሳው ክዳኑ ሳይከፈት ጣሪያው ይመጣል፣ ሁለቱም ይበላሻሉ። «አልተሞከረም» ብላችሁ ሽጡ።

ደረጃ 6፦ ምን ይጠገን፣ ምን ይተው

መለኪያው ይህ ነው፦ ጥገናው መኪናውን ከ«አይነሳም» ወደ «ይነሳል»፣ ከ«አይቆምም» ወደ «ይቆማል»፣ ከ«አይከፈትም» ወደ «ይከፈታል» ካላሻገረው ገንዘብ አታውጡበት።

ይጠገን፦ የፍሬን የጎማ መዝጊያዎችና ቱቦዎች፣ የቤንዚን ቱቦ፣ ባትሪ፣ ቺንጊያ፣ የራዲያተር ቱቦ፣ አይጥ የበላው ሽቦ (ብዙውን ጊዜ ከዳሽቦርዱ ስር)።

ይተው፦ ቀለም፣ ስቱኮ፣ የወንበር ልብስ፣ ሬዲዮ፣ ጎማና ቸርኬ በዘመናዊ መቀየር። ካርቡራተሩን አውጥቶ የሌላ መኪና መግጠምም ይተው። ሰብሳቢ ገዢ የተቀደደ ግን የፋብሪካውን ቆዳ ወንበር ከአዲስ ፕላስቲክ ያስበልጣል፤ ከተቀደደው ላይ የስፌቱን ናሙና ይወስዳል።

የወጣ ዕቃ ሁሉ ይሰብሰብ፦ ኒኬል ጌጥ፣ የቸርኬ ክዳን፣ የመብራት መስታወት፣ የመስኮት ማንሻ ሞተር፣ የጣሪያ ላስቲክ። እያንዳንዱ በየፌስታሉ፣ ስሙ ተጽፎበት። ግማሽ የተሰበረ ጌጥ አትጣሉ፤ ኒኬል ቀቢ ሊበይደው ይችላል፣ የጠፋውን ግን ማንም አያመጣውም። ለቁራሌው የተሰጠ ካርቶን ውስጥ የካዲላኩ አርማ እንደነበረ በኋላ የሚታወቅበት ጊዜ አለ።

ደረጃ 7፦ ዋጋ

ውጭ አገር ድረ ገጽ ላይ የሚታየው የተጠየቀ ዋጋ ነው። የተሸጠበትን፣ ያውም ጥገና የሚፈልገውን መኪና የተሸጠበትን ፈልጉ። እሱም ቢሆን መነሻ ብቻ ነው። የእኛ ገበያ ሌላ ነው፦ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል። ሊብሬ ያለውና እዚሁ ያለ መኪና ምትክ የለውም ማለት ነው። ይህን በድርድር ላይ ተናገሩ።

ሂሳቡ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የሠርግ መኪና ከሚያከራዩ ሁለት ሦስት ሰዎች እየሠራ ያለ ተመሳሳይ ተከፋች መኪና ስንት እንደሚገዙ ጠይቁ። ከዚያ ላይ የላሜራ፣ የታፒሴሪና የሞተር ሥራ ግምት በጽሑፍ አስወጥታችሁ ቀንሱ፤ የጭነቱን ቀንሱ፤ የግምቱን ሩብ የሚያህል ደግሞ ላልታየ ችግር ቀንሱ። የቀረው የመጨረሻ ዋጋችሁ ነው። ለማስታወቂያው ከ10 እስከ 15 በመቶ ጨምሩ፣ ከዚያ በላይ የጨመረ ሰው ስልኩ አይጮህም።

ጊዜው ኅዳርና ታኅሣሥ ይሁን። የቡና ገንዘብ ጅማ ውስጥ የሚዘዋወርበት፣ መሬቱ የደረቀበት፣ የጥር ሠርግ የቀረበበት ወቅት ነው። ሐምሌ ላይ ማንም ጣሪያ የሚከፈት መኪና አያምረውም።

ደረጃ 8፦ ፎቶና ማስታወቂያ

እጠቡት፣ ግን ጎማና ሞተር ዘይት አትቀቡ፤ የሚያብለጨልጭ ሞተር የሚፈስ ዘይት የተደበቀበት ይመስላል። በጠዋት ወይም በ10 ሰዓት ብርሃን፣ ጣሪያው ተዘግቶም ተከፍቶም፣ ቢያንስ 40 ፎቶ። በጠመኔ የተከበቡት ዝገቶች እንዳሉ ይታዩ፣ አጠገባቸው ማስመሪያ ይቀመጥ። የመለያ ሳህኗ፣ የኋላው ጉድጓድ፣ ወለሉ ከላይና ከስር። የሻንሲ ቁጥሩን ግን የመጨረሻዎቹን ሦስት አኃዞች ሸፍኑ።

ቪዲዮው በቀዝቃዛ ሞተር ይጀምር፦ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አሳርፋችሁ አሳዩ፣ ከዚያ ሳይቆረጥ አስነሱ።

ጽሑፉ አጭር ይሁን፦ ሞዴል፣ ዓመት (አቆጣጠሩን ጨምሮ)፣ የታርጋ ኮድ፣ የሊብሬ ሁኔታ፣ የሚሠራ፣ የማይሠራ፣ የጎደለ፣ ቦታ፣ ዋጋ። «ትንሽ ነገር ነው የሚቀረው» የሚለውን ሐረግ አትጠቀሙ፤ ገዢ ሲያነበው «ሁሉም ይቀራል» ብሎ ነው የሚተረጉመው። ለደላላ ከሰጣችሁ ኮሚሽኑን በቁርጥ፣ በጽሑፍ ተስማሙ፣ ዝቅተኛ ዋጋችሁን ግን አትንገሩት።

ደረጃ 9፦ ገዢው ሲመጣ

ሞተሩን አስቀድማችሁ አታሙቁት። የጉድለቱን ዝርዝር ከሰላምታው በኋላ ወዲያው ስጡት፣ ራሱ ያግኘው ብላችሁ አትተዉት። ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስና ቦሎ ከሌለ ከግቢ አይውጣ፤ ፍሬኑ ቢሠራም። 5.7 ሜትር የሚረዝም ባለ ታምቡር ፍሬን መኪና ከጅማው የሂርማታ ሰፈር ባጃጆች መሃል ማስገባት ለማንም አይበጅም። ወረቀቱ ከተሟላ መጀመሪያ እናንተ ንዱ፣ ገዢው አጠገባችሁ ይቀመጥ፣ መንገዱ በጠዋት ጭር ያለ ይሁን።

«ሞተሩን ብቻ ሽጡልኝ» ወይም «በኪሎ ልውሰደው» የሚል ይመጣል። ሸኙት።

ደረጃ 10፦ ቀብድ፣ ውል፣ ክፍያ

1. ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጪው ከቀረ ያጣዋል፤ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ የወራሾቹ ሁሉ፣ ውጭ ያለውም ጭምር፣ ፊርማ ሳይሟላ ቀብድ አትቀበሉ።

2. ውሉ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ ዋጋ በአኃዝና በፊደል፣ የስም ማዛወሪያና የቴምብር ወጪ የማን እንደሆነ፣ የጭነት ወጪ የማን እንደሆነ ይጻፍ። የጉድለት ዝርዝሩ አባሪ ሆኖ በየገጹ ይፈረምበት። «ባለበት ሁኔታ ተሽጧል» የሚለው ቃል ሆን ተብሎ የተደበቀን ጉድለት አይሸፍንም፤ አባሪው ግን ይሸፍናል።

3. ታክስ ለመቀነስ ዋጋ አሳንሳችሁ አትጻፉ። ውሉ ፈርሶ ፍርድ ቤት ቢደርስ የተጻፈው ነው የሚታየው።

4. ክፍያው በሲፒኦ ወይም በባንክ ዝውውር ይሁን። ሲፒኦውን ከማውጫ ባንኩ አረጋግጡ። በስልክ የመጣ አጭር መልእክት ወይም የደረሰኝ ፎቶ ክፍያ አይደለም፤ ሂሳባችሁ ውስጥ ገብቶ እስኪታይ ቁልፍ አይሰጥም።

5. «ለጊዜው በውክልና ይሁን፣ ስሙን በኋላ አዞራለሁ» ለሚል ገዢ እሺ አትበሉ። በአንቀጽ 2081 መሠረት መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ይጠየቃል፤ መዝገቡ ላይ ያለው ስም የእናንተ ከሆነ የምትጠሩት እናንተ ናችሁ። ስሙ ሳይዞር መኪናው ከጅማ አይውጣ።

ደረጃ 11፦ ጭነት

ነድቶ መውሰድ የሚፈልግ ገዢን ጭኖ እንዲወስደው አሳምኑት። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ የጊቤን ሸለቆ ወርዶ ይወጣል፤ ታምቡር ፍሬን በረጅም ቁልቁለት ሲግል መያዝ ያቆማል፣ ሽቅቡ ላይ ደግሞ ያረጀ ራዲያተር ይፈላል።

1. የጭነት መኪናው አልጋ ቢያንስ 6 ሜትር ይርዘም። ትንሹ አይሱዙ አይበቃም፤ ጅራቱ ወጥቶ ይንጠለጠላል።

2. መኪናው ከኋላ ጎማው ወዲያ ረጅም ነው፣ በአጭር መወጣጫ ሲወጣ ሆዱና ጅራቱ ይፍቃል። የጭነት መኪናውን ጀርባ ከጉብታ ጋር አስጠጉ፣ መወጣጫው እንዲተኛ።

3. በመጎተቻ ገመድ ቀስ ብሎ ይግባ፤ በሞተር አይውጣ።

4. ከፊትና ከኋላ ፍሬሙ ላይ እሰሩ። ፓራውልቱ (የግጭት መከላከያው) ላይ የታሰረ ገመድ ኒኬሉን ጠምዝዞ ይነቅለዋል። ጎማዎቹ ስር ሽብልቅ ይግባ፣ ካምቢዮው መቆሚያው ላይ ይሁን፣ ባትሪው ይነቀል።

5. ጣሪያው ተዘግቶ መያዣዎቹ ይቆለፉ፣ ላዩ ላይ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ሸራ፣ ከዚያ ገመድ። ሸራው በቀጥታ ከቀለሙ ጋር ከተገናኘ በነፋስ እየተመታ እስከ አዲስ አበባ ይሞርደዋል።

6. ሾፌሩ ሰኮሩ ላይ አንድ ጊዜ፣ የጊቤን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ሌላ ጊዜ ቆሞ ገመዱን ያጥብቅ። ፌስታሎቹ ያሉበት ካርቶን ጋቢና ውስጥ ይሂድ፣ ዝርዝሩ ላይ ሾፌሩ ይፈርም።